አሥራ ስድስተኛው ቻናል

ስፒከር ተሸክማችሁ የማታውቁ ሰዎች ድምፅ ክብደት ያለው አይመስላችሁም። አለው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ፣ ከጅጋ ደምበጫ፣ ከደምበጫ ተመልሼ ቡሬ፣ ለሠርግም ለምረቃም ለስብሰባም። ያን ቅዳሜ፣ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ቡሬ ከኮሌጁ አዳራሽ በር ላይ ከአይሱዙው ስወርድ ግን የደከመው ወገቤ ብቻ አልነበረም። የምረቃውን ፕሮግራም ወረቀት መንገድ ላይ አንብቤዋለሁ። መድረክ መሪ፣ መምህርት ሕሊና ልዑልሰገድ ይላል።

ስምንት ወር ያላየኋት ሴት ናት። ስምንት ወርም የጠበቅኋት። «ቆይ» ብላኝ ነበር፤ እኔም እንደታዘዝሁት ቆየሁ። ታሪኩን ለማታውቁ ዕቃዬን እየዘረጋሁ እነግራችኋለሁ፤ ብዙም አያደክምም፣ ያደከመው እኔን ነው።

ነገሩ የጀመረው በሚክሰር፣ የማይኮቹን ድምፅ በሚያቀላቅለው መሣሪያ፣ ነው። የእኛ ሚክሰር ድሮ እንደምታውቁት ባለ ብዙ ቁልፍ ጠረጴዛ አይደለም። የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው፤ ከማብሪያው በቀር የሚነካ ነገር የለውም። የራሱን ዋይፋይ ያሰራጫል፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ ባለው ሶፍትዌር እከፍተዋለሁ፣ አሥራ ስድስት ቻናል ተደርድሮ ይመጣል። አንዱ ቻናል የአንድ ማይክ ነው። እያንዳንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ፌደር አለው፣ ቅጥነቱንና ውፍረቱን የምታስተካክልበት አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ስም የምትጽፍበት ትንሽ ቦታ አለ። መድረክ፣ ክቡር እንግዳ፣ መዘምራን እያልሁ እጽፋለሁ። ሁሉን አስተካክዬ ስጨርስ ፋይሉን ሴቭ አደርጋለሁ፤ ሌላ ቀን አንድ ቁልፍ ተጭኜ መልሼ እከፍተዋለሁ። ኢንተርኔት አይፈልግም። ኢንተርኔት በጠፋባቸው በእነዚያ ረጃጅም ወራት ፍኖተ ሰላም ላይ ሳይቋረጥ የሠራው ዋይፋይ የእኔ ሳጥን ብቻ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ሕሊና ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም አንድ ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ ታስተምር ነበር። መድረክም ትመራለች። አንድ ቀን ፕሮግራም ሳይጀመር ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ «እዚያ ላይ ቆሜ ራሴን አልሰማም፤ ከጉድጓድ የምናገር ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። እግሯ ሥር ያለውን ሞኒተር፣ የራሷን ድምፅ የሚመልስላትን ትንሽ ስፒከር፣ ራሷ እንድታዘው ሶፍትዌሩን ስልኳ ላይ ጫንሁላት።

«በስሕተት ሌላውን ብነካስ?» አለች።

«አዳራሹ ይጮሃል፣ እኔ ከሥራ እባረራለሁ፣ አንቺ ምንም አትሆኝም።»

ሳቀች። ስትስቅ ግራ ዓይኗ ከቀኙ ቀድሞ ይከደናል። ይህን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የማየው ነገር አጣሁ።

አሥራ ስድስተኛው ቻናል ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ይህን ያህል ማይክ የለንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዋ ደርቆ ስትታገል አየሁና ማድረግ የምችለው ነገር ጠፍቶኝ አሥራ ስድስተኛው ቻናል ስም ላይ «ውሃ ጠጪ» ብዬ ጻፍሁ። ስልኳ ፊቷ ነበር። አየችው። ብርጭቆውን አንሥታ ጠጣችና ቀና አለች። አዳራሹ ውስጥ ስድስት መቶ ሰው ተቀምጧል፤ እሷ ያየችው ግን እኔን ነው።

ከዚያ ልማድ ሆነ። ሶፍትዌሩ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ስትጽፍለት ባዶ ሳጥን ይደረድርልሃል። ስለዚህ አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን፣ እሱም ከአሥራ ሁለት ፊደል አያልፍም። «ራበኝ» ትላለች። «እንግዳው ተኙ» እላለሁ። «ቀሚስሽ አምሯል» ለማለት ቦታ አይበቃም፤ «ቀሚስሽ» ብዬ እተወዋለሁ፣ የቀረውን ራሷ ትሞላዋለች። ስልክ አልነበራችሁም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረን። ግን ስደውልላት አፌ ይያያዛል። አባቷ አቶ ልዑልሰገድ ቡሬ ላይ የዱቄት ፋብሪካ አላቸው። የእኔ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጅጋ አጠገብ ሦስት ቃዳ መሬት ነበረው፣ አንድ ሄክታር የማይሞላ። አንድ ጊዜ አቶ ልዑልሰገድ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው እኔ ወለል ላይ ተንበርክኬ ገመድ ስጠቀልል አዩኝና፣ «ይሄ ገመድ ጠቅላይ ነው የሚያሥቅሽ?» አሏት። ሰምቻለሁ። ድምፅ መስማት ሥራዬ አይደል።

ባለፈው ኅዳር ቆረጥሁ። ጅጋ ወርጄ ለአጎቴ ለጋሽ ዘሚካኤል ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን አሳጠቡ። በሚቀጥለው ፕሮግራም አሥራ ስድስተኛው ላይ «ሽማግሌ?» ብዬ ጻፍሁ፣ ከነጥያቄ ምልክቱ። አየችው። ስልኩን በግንባሩ ደፋችው፣ እኔንም አላየችኝም። ያኔ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ጄኔሬተሩን ላዘጋጅ ወጣሁ፤ ነዳጅ ስሞላ፣ ገመዱን ስስብ፣ እምቢ ሲለኝ፣ መብራቱ ጭራሽ ሄደ። ሚክሰራችን መብራት ሲጠፋበት ሁሉን ነው የሚረሳው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ሮጬ ገባሁ፣ ፋይሉን ከፈትሁ፣ ፕሮግራሙ ቀጠለ። ላቤን ጠርጌ ቁጭ ስል አሥራ ስድስተኛው ላይ «ቆይ» ይላል።

ሌላ ቃል የለም። ቆይ።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቡሬ ተዛወረች፤ ከሰው ነው የሰማሁት። ሁለት ጊዜ ደወልሁ፣ አላነሣችም። ቆይ ያለችን ሴት መጨቅጨቅ አይገባም ብዬ ተውሁት። እንዲህ ስል ጨዋ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

*

ዝናሙ አዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው የሚናገረውን ለማሰማት ፌደሩን ሁሉ ማንሣት ነው፤ ብዙ ካነሣኸው ደግሞ ይጮህብሃል። ገመድ ስዘረጋ በሩ በኩል ጥላ ሲራገፍ ሰማሁ። ቀና ሳልል አወቅኋት።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ አንዷለም።»

አቶ። አደሩ። እናንተ ሆዬ፣ ሰው በስድብ ብቻ የሚጎዳ ይመስላችኋል። እኔን በአክብሮት ደቆሰችኝ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

መድረኩ ላይ ወጣች። ከስታለች። ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ቀሚስ፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጎትቶ ታስሯል። የድሮውን ፋይል ከፈትሁ፤ የእሷ ድምፅ ልክ እዚያ ውስጥ አለ፣ ቅጥነቱም ውፍረቱም በእጄ የተስተካከለ። ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ቻናል አንድ ላይ ሲናገር ለብቻው ሌላ ፋይል እሠራ ነበር እንጂ ያን አልነካሁትም።

«አንድ ሁለት ይበሉ» አልሁ።

«አንድ፣ ሁለት። እንደምን አደራችሁ፣ ክቡራንና ክቡራት።»

ልኩ አልያዘም። ድምፅዋ ወርዷል፣ ከደረቷ እንጂ ከጉሮሮዋ አይወጣም፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት ሳትጨርሳቸው ትተዋቸዋለች። ከፍ አደረግሁላት። ቅጥነቱን ቀነስሁ፣ መልሼ ጨመርሁ። የሰው ድምፅ ሲደክም በሶፍትዌር አይጠገንም፤ ድካሙን ጎላ አድርጎ ነው የሚያሰማልህ።

«ራሴን አልሰማም» አለች።

ያችው የድሮዋ ቃል ናት። ራሷም የታወቃት መሰለኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ከመድረኩ ወርዳ በወንበሮቹ መካከል መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሽቶ አልተቀባችም፤ ሸሚዟ የካውያ ሽታ ነበረው። ላፕቶፑን ወደ እሷ መለስ አደረግሁና፣ «ሞኒተርዎ ይኸውና፣ እስከዚህ ከፍ...» ስል ጣቷ ማያው ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አሥራ ስድስት።»

ቆይ ይላል። ፋይሉ ስለተከፈተ እሱም አብሮ መጥቷል። ሳልደብቀው ቀረሁ።

«መልስሽ ነዋ» አልሁ። አንቺ ማለቴን ያወቅሁት ካመለጠኝ በኋላ ነው።

«የምን መልስ?»

«የኅዳሩ። ሽማግሌ ልላክ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ፣ ቆይ አልሽኝ። ይኸው ቆይቻለሁ።»

ፊቷ ላይ ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ቁጣ አይደለም የመጣው። ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣችና ፎቶዎቿን ወደ ኋላ ትገፋ ጀመር። ተማሪዎች አለፉ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ገና አለፈ። ኅዳር ላይ ደረሰች። ስልኩን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ስክሪንሾት ነው። አሥራ ስድስቱ ቻናሎች ተደርድረዋል፤ መጨረሻው ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል። ላክ።

ከላይ ሰዓቱ ዘጠኝ ከአርባ ሁለት ይላል። መብራት የሄደው ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ዲኑ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ስለነበር አልረሳውም። ሦስት ደቂቃ። እኔ ውጭ ጄኔሬተር ስስብ ቃሏ እዚያ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ነበር።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልሁ።

«ፋይሉ ነው» አልሁ። «መብራት ሲጠፋ ሚክሰሩ ሁሉን ይረሳል። እኔ የከፈትሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ሴቭ ያደረግሁትን ነው። ስሞቹም አብረው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ እንጠጣ ብዬሽ፣ እንግዶች ስለነበሩ ቆይ ብለሽኝ ነበር። ታስታውሻለሽ?»

«ሻይ?»

«ሻይ።»

«ስምንት ወር የጠበቅኸው የሻይ መልስ ነው?»

አንተ አለችኝ። በዚያ ሁሉ መካከል ይህን ሰማሁ፣ አፍራለሁ።

ሕሊና ፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ። «ለእናቴ ነግሬያት ነበር። የዚያን እሑድ ጠላ ጠምቃ፣ ሳሎኑን አስተካክላ፣ የማይነካውን ምንጣፍ አውጥታ ጠበቀች። ሰው አልመጣም። መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል አለች። በሚቀጥለው እሑድም ጠበቀች። በሦስተኛው ጠላውን ለጎረቤት ሰጠችው፣ ምንጣፉን ጠቅልላ መለሰችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። አባባም ምንም አላሉም። አንድ ቀን ብቻ ምሳ ላይ፣ ገመድ ጠቅላዩ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ፣ አሉ።»

«ስደውልልሽ ለምን አላነሣሽም?»

«ሽማግሌ ሊልክ የሚገባው ሰው ለምን ይደውላል? ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ሊለኝ ነው ብዬ ነዋ። በጆሮዬ ላለመስማት።»

ዝናሙ በረታ። ከውጭ የተመራቂ ቤተሰቦች ጥላ ይዘው መሰብሰብ ጀምረዋል።

«ሥራህ አይደል እንዴ?» አለች። «ፋይል ሲከፈት ስሙም እንደሚመለስ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ይህን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱ ግን ተዘጋጅቶ እንደቆየ ወጣ።

«የጠበቅሁት መልስ ስለሆነ ነው፣ ሕሊና። እሺ ብሎ ባየው ኖሮ ነበር የምጠራጠረው። እሺ ብሎ ባየው፣ ሚክሰሩ ተበላሽቷል፣ የሌላ ሰው ነው፣ ስሕተት ነው ብዬ አሥር ጊዜ አገላብጠው ነበር። ቆይ ሲለኝ ግን ትክክል ነው አልሁ። ለእኔ የሚገባኝ እሱ ነው አልሁ።»

ዓይኗ ሞላ፣ አልፈሰሰም። «እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አላመንኸኝም ማለት ነው።»

«ራሴን ነው ያላመንሁት።»

«ለእኔ ያው ነው፣ አንዷለም። እሑድ እሑድ በሩን የማየው እኔ ነኝ።»

ትክክል ናት።

ከዚያ የመጨረሻውን ነገረችኝ። ባሕር ዳር የሚሠራ አንድ ኢንጂነር ሽማግሌ ልኮ አባቷ ቀጠሮ ሰጥተዋል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለመልስ ይመጣሉ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እሷም እምቢ አላለችም፣ እሺም አላለችም።

«ደክሞኛል» አለች። «እምቢ ብል ለምን ይሉኛል። የምጠብቀው ሰው አለ ብል፣ የት አለ ይሉኛል። ምን ብዬ ላሳያቸው? ስክሪንሾት?»

ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋሁት። «አሁን ድገሚልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዓይኔ እያየ ጻፊው።»

ማያውን አላየችውም። «አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። የጠፋው በአንተ እጅ ነው፤ አንተው ፈልገው።» ተነሣች፣ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ሳትዞር፣ «እኛ ቤት በማለዳ በር የሚያንኳኳ ሰው ሳይሰማ አይመለስም» አለች። ወደ መድረኩ ስትሄድ ጫማዋ ወለሉ ላይ የሚያሰማውን ድምፅ በዝናሙ መካከል እስከ መጨረሻው ተከተልሁት።

*

በረንዳው ጥግ ቆሜ ደወልሁ። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ጋሽ ዘሚካኤል አነሡ፤ ከኋላቸው በሬ ሲነዳ ይሰማል፣ እርሻ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ከብቱ ደህና? ቤት ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንዷለም ነህ? ምነው በዚህ ሰዓት?»

«ጋቢዎ ታጥቧል ወይ ልልዎት ነው።»

«ከኅዳር ጀምሮ ታጥቦ ነው ያለው» አሉ። «ሁለት ለቅሶ ለብሼው መልሼ አሳጥቤዋለሁ። ስማ ልጄ፣ ልታሾፍብኝ ከሆነ እርሻ ላይ ነኝ፣ ጤፉ አልተዘራም።»

«አላሾፍብዎም። ነገ በማለዳ ቡሬ አቶ ልዑልሰገድ በር ላይ እንዲቆሙልኝ ነው። ሌላ ሰው ለመልስ ተቀጥሯል፣ ከቅዳሴ በኋላ። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ካልመጣችሁ አንደርስም።»

«ዛሬ? በዚህ ዝናም?»

«በዚህ ዝናም፣ ጋሼ።»

በሬዎቹን ለሌላ ሰው ሲያስረክቡ ሰማሁ። ተመልሰው ሲመጡ ድምፃቸው ቀርቦ ነበር። «እሷስ ምን አለች?»

«ላክ ብላለች።»

«መቼ?»

«ኅዳር።»

ካርዴ አለቀ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። «አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «አባትህን ራሱን ነህ። በሬ ቢሰጡት፣ ይሄ ለማን ነው ብሎ ዙሪያውን የሚያይ ሰው ነበር። በል፣ ጎረቤቴን ባምላኩን እይዛለሁ። መሪጌታ ስመኘውንም አስነሣለሁ፣ እሳቸው ካልተናገሩበት ነገሩ አይጥምም። ግን ልንገርህ፣ ሰውየው ባለፋብሪካ ነው፤ እምቢ ቢሉንስ?»

«እምቢ ይበሉን፣ ጋሼ። ጠይቀናቸው ይበሉን። ሳንጠይቅ የቀረነው ይብቃ።»

«ይሁን» አሉ። «ጫማ ልቀይር።»

ስልኩ ተዘጋ። እጄ ረጥቦ ነበር፤ ከዝናሙ ነው።

*

አቶ ልዑልሰገድ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ለኮሌጁ ወንበር ስለሰጡ የክብር እንግዳ ናቸው፣ ቻናል ሁለት። ንግግር ሲያደርጉ ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ አፍንጫቸው ውስጥ ይቀራል፤ ዕድሜ ልካቸውን ወፍጮ አጠገብ ሲጮኹ የኖሩ ሰው ናቸው። ሻካራውን ቀነስሁላቸው፣ ከሥር ትንሽ ውፍረት ሰጠኋቸው፣ የዝናሙን ጩኸት አስወገድሁላቸው። ሰው አጨበጨበ። ነገ በእኔ ላይ የሚናገረውን አንደበት ዛሬ በእጄ አሳመርሁት። ቂም ይዤ ላበላሸው እችል ነበር፣ ትዝም አላለኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ከበረንዳው እንደገባሁ አሥራ ስድስተኛውን ቻናል ከፍቼ «ቆይ»ን አጠፋሁት። ፊደል በፊደል «ልኬያለሁ» ብዬ ጻፍሁ። አሥር ፊደል፣ ልክ ገባ። ከዚያ በአዲስ ስም ሴቭ አደረግሁት፣ አንዴ አይበቃም ብዬ ደግሜ።

እሷ ግን አላየችም። ስልኳ ከወረቀቶቿ አጠገብ ተደፍቶ ተቀምጧል። አንድ ሰዓት አለፈ። ንግግር አለቀ፣ ሌላ ንግግር መጣ። አልፎ አልፎ ቀና ትልና ከእኔ ራስ በላይ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ሄጄ ልንገራት? ስድስት መቶ ሰው፣ አባቷ ፊት ረድፍ። እንዲያውም ሶፍትዌሩን ከስልኳ አጥፍታው ይሆናል፤ እኔ ብሆን አጠፋው ነበር።

ተመራቂዎቹን በስም መጥራት ስትጀምር መብራቱ ሄደ።

አዳራሹ ጨለመ፣ ሰው አጉረመረመ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች፣ ወረቀቷን ይዛ። እንዲህ ነው የቆመችው፣ ስምንት ወር፣ እንዲህ ጨለማ ውስጥ ቆማ። ሮጬ ወጣሁ፣ ጄኔሬተሩ ገመዱን አንዴ ስስበው ተነሣ። ሮጬ ገባሁ። ሚክሰሩ ባዶ ራሱን ነቅቶ ጠበቀኝ፤ አሥራ ስድስት ስም የለሽ ቻናል። ፋይሎቹ ተደርድረዋል፣ የድሮውም አለ፣ አዲሱም አለ። አዲሱን ከፈትሁ። ስሞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። መድረክ። ክቡር እንግዳ። እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይኔ ወረደ። ልኬያለሁ። አልጠፋም።

«ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ቀጥለን...» አለችና ቆመች። ጄኔሬተሩ በመስኮቱ በኩል ያጓራል፣ ዝናሙ ይወርዳል፤ ራሷን እየሰማች አይደለም። ሞኒተሯን ልጨምርላት እጄን ሰደድሁ።

ሳልነካው ፌደሩ ተንቀሳቀሰ።

ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይጎትተው ወደ ላይ ወጣ። ስልኳን ከፍታዋለች። አላጠፋችውም ነበር፣ ያን ሁሉ ወር። ፌደሩ መሐል ላይ ደርሶ ቆመ። ጣቷ እዚያ ላይ እንዳለ አውቅ ነበር፣ ሃምሳ ሜትር ርቃ፣ እኔ ማያ ላይ። ከዚያ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ቀና አልሁ። አንገቷን ደፍታ ስልኳን ታያለች። አንድ ተመራቂ ጋውኑን እንደያዘ ደረጃው ላይ ስሙን ይጠብቃል።

ብዙ ቆየች። አቶ ልዑልሰገድ ልጃቸው ምን ሆነች ብለው አንገታቸውን አሰገጉ።

ስሙን ጠራችው። ድምፅዋ ጠርቶ ወጣ፣ የመጨረሻውን ፊደል ሳትተወው። ቀጣዩን ጠራች። የሚቀጥለውን ጠራች። እኔ ምንም አላስተካከልሁም፤ ማስተካከል አላስፈለገም። ነገ መሪጌታ ስመኘው ተናግረው አባቷ ምን እንደሚመልሱ አላውቅም። ምናልባት እምቢ ይላሉ፣ ምናልባት ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ እኔም እንደገና እመላለሳለሁ። መንገዱን ለምጄዋለሁ፤ ስፒከር ሳልሸከም መሄድ ብቻ ይቀለኛል። ግን የእሷ እናት ነገ ምንጣፉን በከንቱ አታወጣም። ይህን አስቤ ነው መሰለኝ፣ ማያው በዓይኔ ላይ ደበዘዘ። በክንዴ ጠረግሁት።

አሥራ ስድስተኛው ላይ ስሙ ተቀይሯል። በዚያ ሳጥን ሁለተኛ አልጽፍም ያለችው ሴት ጽፋለች።

«ውሃ ጠጣ» ይላል።

ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጥሁትን ጠርሙስ ከፍቼ እስከ ታች ጠጣሁት። ከዚያ ሴቭ አደረግሁት።